ስለ ዋና ትምህርት፤ ውሃ በጉልበት አይሸነፍም

በዛሬው ገጻችን ልንነጋገርበት የመረጥነው ነገር በጣና ዙሪያ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች ሁሉ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ቅርብ በመሆኑ ብቻ እንደ ታወቀ ተቈጥሮ የተተወ ነው። ይኸውም የዋና ነገር ነው። ከሐይቅ ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ ዋና ያውቃል ተብሎ ይገመታል። እኛም እንደዚሁ ስንገምት ኖረናል። ይሁን እንጂ ውሃ መልመድ ሌላ፥ ዋና ማወቅ ሌላ መሆኑን እያደር ስለ ተረዳን፥ የተረዳነውን ለልጆች አባቶችና እናቶች ማካፈል የሚገባ ሆኖ ታየን።

በባሕር ዳር ከተማ ማለዳ፥ ነፋስ ሳይነሣ፥ ወደ ሐይቁ የወረደ ሰው ውሃው እንደ መስተዋት ረግቶ፥ ከደንገል የተሠሩት ታንኳዎች በቀስታ ሲቀዘፉ ያያል። አንድ ቀን በዚሁ ሰዓት ከዳር ቆመን ሳለ ሁለት ልጆች በዋና ሲሽቀዳደሙ ተመለከትን። አንደኛው ትከሻው የሰፋ፥ ክንዱ የፈረጠመ፥ ዕድሜው 16 ዓመት ያህል የሚሆን ጐረምሳ ነው። ሁለተኛው በዕድሜም በቁመትም ከርሱ ያነሰ ነው። ጐረምሳው ራሱን ከውሃው በላይ ቀና አድርጎ፥ በእጁ እየደበደበ በእግሩም እየረገጠ ሲሄድ አረፋው ብዙ፥ መንገዱ ግን ጥቂት ነበር። ትንሹ ፊቱን ውሃ ውስጥ አግብቶ፥ ድምፅ ሳያሰማ፥ አልፎት ሄደ። ጐረምሳው ከመንገዱ እኩሌታ ሳይደርስ ትንፋሹ አልቆ ቆመ። ውሃው ከደረቱ በታች ስለ ነበረ ቆመ፤ ጥልቅ ቢሆን ኖሮ ግን የሚቆምበት መሬት ባላገኘ ነበር።

በአጠገባችን ታንኳውን ፀሐይ ላይ ሊያደርቅ ያቆም የነበረ አንድ ሽማግሌ ይህን አይቶ፥ «ልጄ፥ ውሃው ምን አደረገህና ትደበድበዋለህ?» አለው። ጐረምሳውም እያለከለከ፥ «አባባ፥ ጉልበቴ አነሰ እንጂ እቀድመው ነበር» ብሎ መለሰ። ሽማግሌውም፥ «ጉልበትህስ ተርፎሃል፤ ያነሰህ ትንፋሽ ነው» አለው። እኛም ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ የዚህች አጭር ቃል ማብራሪያ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ስፍር ውሃ ከዚያው ስፍር አየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል። በምድር ላይ የሚሮጥ ሰው የሚከፍለው አየርን ነው፤ የሚዋኝ ሰው የሚከፍለው ግን ይህን ከባድ ነገር ነው። ደግሞም ዋናተኛው ፍጥነቱን በእጥፍ ልጨምር ቢል ውሃው የሚቋቋመው በእጥፍ ብቻ ሳይሆን በአራት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ጉልበቱን ሁሉ አውጥቶ ውሃውን ከሚታገል ሰው ይልቅ፥ ሰውነቱን አቅጥኖ ውሃው በቀላሉ እንዲያሳልፈው የሚያደርግ ሰው ይቀድማል። ታንኳ ሠሪ የታንኳውን አፍንጫ ሹል የሚያደርገው ለጌጥ አይደለም።

ከዚህ የተነሣ በዋና ትምህርት የመጀመሪያው ነገር የሰውነት አኳኋን ነው። ሰው በውሃ ላይ ሲተኛ እንደ ሚዛን ነው፤ አንዱ ወገን ሲነሣ ሌላው ይወርዳል። ራሱን ቀና ያደረገ ልጅ ወገቡና እግሩ ይሰምጡበታል፤ ያን ጊዜ ሰውነቱ እንደ ቀስት ሳይሆን እንደ ግድግዳ ሆኖ ውሃውን ይገፋል። እንግዲህ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ የሐይቁን ወለል ይመልከት፤ አንገቱን አያግተር፤ ከራሱ እስከ ተረከዙም አንድ መስመር ይሁን። ይህን ለመማር ከሁሉ አስቀድሞ ምንም ሳይንቀሳቀስ በሆዱም በጀርባውም መንሳፈፍን ይልመድ። መንሳፈፍ የዋና ፊደል ነው። በጀርባው ተንሳፍፎ ማረፍ የሚችል ልጅ በደከመው ጊዜ ነፍሱን የሚያቆይበት መኝታ አለው።

ሁለተኛው ነገር ትንፋሽ ነው፤ የብዙ ሰው ስሕተትም ከዚህ ላይ ነው። ፊቱን ውሃ ውስጥ ሲያገባ ትንፋሹን ይይዛል። ራሱን ባወጣ ጊዜ ደግሞ በአንዲት አፍታ የያዘውን አውጥቶ አዲስ ለመሳብ ይጣደፋል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ መፈጸም ስለማይቻለው፥ አሮጌው አየር በውስጡ እየተጠራቀመ ያፍነዋል። ሰውየው ጉልበቴ አለቀ ይላል፤ ያለቀው ግን ጉልበቱ አይደለም። ትክክለኛው ሥርዓት ፊት ውሃ ውስጥ ሳለ በአፍንጫና በአፍ ቀስ እያሉ አረፋ እያወጡ መተንፈስ፥ አፍ ከውሃ ሲወጣም መሳብ ብቻ ነው። ለመሳብ ራስ ወደ ላይ አይነሣም፤ ከትከሻ ጋራ አብሮ ወደ ጐን ይዞራል እንጂ። ይህን ማንኛውም ልጅ ከወገቡ በማይበልጥ ውሃ ቆሞ፥ ፊቱን እየነከረ አረፋ በማውጣትና ወደ ጐን ዞሮ በመሳብ 20 ጊዜ ያህል ሊለማመደው ይችላል። የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው እንጂ ወጪ የለውም።

ሦስተኛው ነገር የእጅና የእግር አሠራር ነው። በቋንቋችን የዋናን ስልት ቀዘፋ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነፃ ቀዘፋ፥ የጀርባ ቀዘፋ፥ የደረት ቀዘፋ፥ የቢራቢሮ ቀዘፋ እንላለን። ጥሩ ቀዛፊ መቅዘፊያውን በውሃው ላይ አያጨበጭብም፤ አግብቶ፥ ይዞ፥ ወደ ኋላ ይገፋል እንጂ። ክንድም እንዲሁ ነው። በነፃ ቀዘፋ እጅ ወደ ፊት ተዘርግቶ ይገባል፤ ክርን ከፍ ብሎ፥ መዳፍና ክንድ ውሃውን ይዘው፥ እስከ ጭን ድረስ ወደ ኋላ ይገፋሉ። ውሃውን ወደ ታች መጫን ራስን ያነሣል እንጂ ሰውን ወደ ፊት አያስኬድም። እግርም ከጉልበት ታጥፎ እንደ ብስክሌት ነጂ አይረግጥም፤ ከዳሌ ተነሥቶ፥ የእግር ጣቶች ወደ ኋላ ተዘርግተው፥ በትንሹና በለስላሳው ይመታል።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ያስፈልጋል? ልጆቻችን በየጊዜው ሲዋኙ ኖረዋል» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ምሳሌ እንስጥ። በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ የአገራችን ዋናተኛ ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ተወዳድሮ በ1 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ ከ95 ፈጸመ። የዚያኑ ውድድር ወርቅ የወሰደው አውስትራሊያዊው ካይል ቻልመርስ የፈጸመው በ47 ሴኮንድ ከ58 ነው። የውጭ አገር ጋዜጦች በወጣቱ ቁመና ላይ ብዙ ተሣልቀው ነበር። እኛ ግን መሣለቁን ትተን ቍጥሩን ብንመረምር የሚጠቅመን ይመስለናል። አሜሪካዊው ጆኒ ቫይስሙለር ይህንኑ 100 ሜትር ከአንድ ደቂቃ በታች በመዋኘት የመጀመሪያው ሰው የሆነው በ1914 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከሪዮው ውድድር 94 ዓመት አስቀድሞ ነው። እንግዲህ የቀረንበት ርቀት የአንድ ወጣት ጉድለት ሳይሆን የብዙ ዘመን ትምህርትና ልማድ ነው።

ትምህርትና ልማድ ሲገጥሙ የሚሆነውን ደግሞ በምድር ላይ አይተነዋል። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን ወር በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቁን ሲያመጣ፥ ዓለም ያየው እግሩን ብቻ ነበር። ከዚያ እግር በስተኋላ ግን የስዊድኑ አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን በልክ ያወጣው የልምምድ ሥርዓት ነበረ። መሮጥ ለሰው የተፈጥሮ ነው፤ የተፈጥሮ የሆነው ነገር እንኳ ይህን ያህል ሥርዓት ካስፈለገው፥ ተፈጥሮ ያልሆነው ዋና ምን ያህል ያስፈልገው ይሆን?

አገራችን ለዚህ ሥራ የነፈገችው ነገር የለም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ በዚህ ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። የአሜሪካ ዋናተኞች ሳንባቸውንና ደማቸውን ለማጠንከር ሲሉ ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ወጥተው ይለማመዳሉ፤ የዚያችም ከተማ ከፍታ ከባሕር ዳር ጋራ ተቀራራቢ ነው። እነርሱ ተጕዘው የሚያገኙትን የኛ ልጆች ከደጃቸው ይዘውታል። ሳንባው ካለ፥ የጐደለው አሠራሩና ልማዱ ነው ማለት ነው።

ስለ ልማድ ስንናገር ብዙ መዋኘት ማለታችን አይደለም። እስኪደክመው ድረስ የሚዋኝ ልጅ የሚለማመደው ድካምን ነው፤ በደከመ ጊዜ አኳኋኑ ይበላሻል፤ ደጋግሞ ያደረገውም ብልሽት ጠባይ ይሆንበታል። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን፥ በእያንዳንዱም ቀን 45 ደቂቃ፥ ለጀማሪ ይበቃዋል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ልጅ በባዶ ሆዱ እንዳይደክም ማክሰኞን፥ ሐሙስንና ቅዳሜን ይምረጥ። ከጊዜው የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ በዝግታ ሰውነቱን ያሙቅ፤ ቀጥሎ 15 ደቂቃ አንድ ነገር ብቻ ይማር፤ ዛሬ ትንፋሽ ከሆነ ትንፋሽ፥ ነገ ክንድ ከሆነ ክንድ። ከዚያ በኋላ 25 ሜትር ስምንት ጊዜ ይዋኝ፤ በየመካከሉም 30 ሴኮንድ ያህል ይረፍ። የቀረውን ጊዜ በጀርባው ተንሳፍፎ በዝግታ እየቀዘፈ ይጨርስ።

የልምምዱን ፍሬ ለማወቅ ሰዓት ብቻ አይበቃም፤ ቀዘፋን መቍጠር ያስፈልጋል። 25 ሜትር ለመሄድ እጁን 30 ጊዜ ያነሣ የነበረ ልጅ፥ በዚያው ሰዓት በ24 ከደረሰ፥ ውሃውን መያዝ ተምሯል ማለት ነው። እጁን እያበዛ ቢፈጥን ግን የደስታው ዕድሜ አጭር ነው። ይህን ሁሉ በትንሽ ደብተር ቀኑን እየጻፈ ቢያኖር፥ ከሦስት ወር በኋላ ገልጦ ባየ ጊዜ ከማንም ሙገሳ ይልቅ ያ ደብተር ያበረታዋል። አባትም እናትም ዋና ባያውቁ እንኳ ቍጥሩን ለመጻፍ የሚያግዳቸው የለም።

አሁን ደግሞ ዝም ብለን ልናልፈው ወደማንችለው ነገር እንምጣ። ጣና መልካም ሐይቅ ነው፤ ነገር ግን የመዋኛ ገንዳ አይደለም። በማለዳ የረጋው ውሃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበል ያወጣል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ውሃው ይስባል። ጉማሬም በዚያ አካባቢ ይኖራል፤ በቀን ዝግ ብሎ የተኛ ቢመስልም የሚደፈር እንስሳ አይደለም። ከአሥር ዓመት በላይ በሐይቁ ላይ የተስፋፋው እምቦጭ የሚባለው አረምም ሥሩና ግንዱ የዋናተኛን እግር ስለሚይዝ፥ አረም ባለበት መዋኘት አይገባም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የማይታየው ነው። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ አለ። ይህ በሽታ የሰው ዐይነ ምድር ከደረሰበት ውሃ በትንንሽ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ተራብቶ፥ በሰው ቆዳ አልፎ ይገባል፤ ሲቈይም ሆድን ያሳምማል፥ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያመጣል፥ ጉበትንም ይጐዳል። የሚበዛው ሣር በበቀለበት፥ በረጋና በዝቅተኛ ውሃ ነው። እነሆ፥ ልጆች መዋኘት የሚወዱት እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ከፍ ካለ በኋላ ስለ ሆነ ማለዳ ይሻላል፤ ነገር ግን ማለዳም ፍጹም ዋስትና አይደለም። ስለዚህ ዘወትር የሚለማመድ ልጅ በተቻለ መጠን በገንዳ ይለማመድ። በባሕር ዳር አንዳንድ ሆቴሎች የመዋኛ ገንዳ አላቸው። ዋጋው ለአንድ ቤት የሚከብድ ቢሆን፥ አምስትና ስድስት ቤተ ሰቦች እንደ ዕቁብ ገንዘብ አዋጥተው ለልጆቻቸው የጧት ሰዓት ቢነጋገሩ ሸክሙ ይቀላል። በሐይቁ የገባ ልጅ ደግሞ ሕመም ባይሰማው እንኳ በየዓመቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ ፕራዚኳንተል የሚባለው መድኃኒት በሽታውን ይፈውሳልና።

«እንግዲያው ልጆቻችንን ከሐይቁ ፈጽሞ ብንከለክላቸው አይሻልምን?» የሚሉን ወላጆች አሉ። ጭንቀታቸው ይገባናል። ነገር ግን ውሃ በደጁ ያለ ልጅ ዛሬ ባይገባ ነገ ይገባል፤ እርሱ ባይሻ እንኳ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ሲሻገር ታንኳው ወይም ጀልባው ሊገለብጠው ይችላል። የተከለከለ ልጅ ተሰውሮ ይገባል፤ ተሰውሮ የገባን ልጅ ደግሞ የሚያይለት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከነዚህም ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በዚያው ዓመት፥ በኛ ሚያዝያ 2013 ዓ.ም.፥ ሐምሌ 18 ቀን ሰዎችን ከመስጠም የመከላከል ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወስኗል። ይኸው የጤና ድርጅት ለትምህርት የደረሱ ልጆች መሠረታዊ ዋናን፥ የውሃ ጥንቃቄንና ያለ አደጋ የማዳንን ብልሃት እንዲማሩ ይመክራል።

ልጆች ስንል ሴቶች ልጆችንም ጭምር ማለታችን ነው። ወንዱ ልጅ በጨዋታ ሲገባ ይታለፋል፤ እኅቱ ግን ልብስ ልታጥብና ውሃ ልትቀዳ ከዚያው ዳር በየቀኑ እየወረደች፥ መንሳፈፍ እንኳ የሚያስተምራት አታገኝም። ውሃ ወንድ ሴት ብሎ አይለይም። አገራችን በ2004 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ ያሰለፈቻት ያኔት ሥዩም ሴት ዋናተኛ ነበረች፤ ስለዚህ ነገሩ ለሴት ልጅ እንግዳ ነው ሊባል አይችልም።

ስለ ማዳንም አንዲት ቃል እንጨምር። ሰው ሲሰጥም ያየ ልጅ የመጀመሪያ ሐሳቡ ዘሎ መግባት ነው፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ፈንታ ሁለት ነፍስ የሚጠፋው በዚህ ነው፤ የሚሰጥም ሰው የያዘውን አይለቅምና። ስለዚህ ልጆቻችንን እንዲህ እናስተምር፤ መጀመሪያ ጩኽ፥ ቀጥሎ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውር፥ አንተ ግን አትግባ። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን በረዥም ገመድ ታስሮ በሚዋኙበት ዳር ቢቀመጥ፥ ርካሽ ቢሆንም ሰው ያድናል። አንድ ትልቅ ሰው ዳር ሳይኖር ልጅ አይዋኝ፤ ያም ሰው ከጓደኛው ጋራ ሲጫወት ሳይሆን ውሃውን ሲያይ ይገኝ።

ያ ጐረምሳ ከዚያ ቀን በኋላ ምን እንዳደረገ ለአንባቢዎቻችን ብንነግር ደስ ይለናል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ወደ ሐይቁ ስንወርድ፥ ከወገቡ በማይበልጥ ውሃ ቆሞ ፊቱን እየነከረ አረፋ ሲያወጣ አገኘነው። ትንሹ ጓደኛው ከዳር ተቀምጦ በጣቱ ይቈጥርለት ነበር። የሚያልፉ ልጆች፥ «ይህን የሚያህል ሰው እንደ ሕፃን አረፋ ይነፋል!» እያሉ ይስቁበታል፤ እርሱ ግን 20 እስኪሞላ ድረስ አልተመለሰላቸውም። ከሞላ በኋላ ተኝቶ ቀዘፈ። አረፋው ቀንሶ ነበር፤ መንገዱም ረዝሞ ነበር።

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ከልጆቻችሁ አንዱ ዋና አውቃለሁ ቢላችሁ፥ ምን ያህል ትፈጥናለህ ብላችሁ አትጠይቁት። በደከመህ ጊዜ በጀርባህ ተንሳፍፈህ ማረፍ ትችላለህን? ፊትህን አግብተህ መተንፈስስ? ብላችሁ ጠይቁት። አልችልም ካለ፥ ትምህርቱ ገና አልተጀመረም፤ ለመጀመር ግን አልዘገየም።